መጀመሪያ የመጨረሻውን ወረቀት ይጠይቁ

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከሜክሲኮ ወደ ሰንጋ ተራ የተራመደ ሰው የምለው ይገባዋል። የባንክ ባጅ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ አባት በአንድ እጁ ምሳ ዕቃ፣ በሌላው የልጁን እጅ ይዞ ይፈጥናል። እናት ከታክሲ ወርዳ የልጇን ቦርሳ ማንገቻ እያስተካከለች ሰዓቷን ታያለች። ስሙ እንደሚመሰክረው የሰንጋ ገበያ የነበረው ሰፈር ዛሬ የአዲስ አበባ የገንዘብ ማዕከል ሆኗል። የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 209 ሜትር የሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ ከሩቅ ይታያል፤ ኅብረት፣ ንብና ዘመን ባንኮችም ዋና መሥሪያ ቤታቸውን እዚያው አቁመዋል። እዚህ ሰፈር የሚሠራ ወላጅ ልጁን በአቅራቢያው፣ ያውም ዓለም አቀፍ በሚባል ትምህርት ቤት ማስተማር ቢፈልግ አይፈረድበትም።

እኔም ፈልጌ ነበር። በሩ ላይ «ኢንተርናሽናል» የሚል ጽሑፍ አይቼ፣ የመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች በእንግሊዝኛ ሲዘምሩ ሰምቼ ልጄን አስመዘገብኋት። «መጨረሻ ላይ የምትፈተነው የማንን ፈተና ነው?» ብዬ የጠየቅሁት አራተኛ ክፍል ስትደርስ ነው። ርእሰ መምህሩ «ሂደት ላይ ነን» አሉኝ። በሚቀጥለው ዓመት ስጠይቅም ሂደት ላይ ነበሩ። ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሳዛውራት አንድ ክፍል ዝቅ ብላ ገባች። ያች ዓመት የጠፋችው በእኔ አለመጠየቅ ነውና፣ ሌላ ወላጅ ቀድሞ እንዲጠይቅ ይህን ጽፌያለሁ።

አንደኛ፦ ልጅዎ ሲጨርስ የሚይዘውን ወረቀት ይወቁ

ምርጫው የሚደረገው ልጁ ሦስት ወይም አራት ዓመት ሲሞላው ነው፤ ውጤቱ የሚታየው ግን 12ኛ ክፍል ላይ ነው። ስለዚህ ከ12ኛ ክፍል ተነሥተው ወደ ኋላ ይቁጠሩ። በአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች ውስጥ በብዛት የሚያጋጥሙዎት መንገዶች አራት ናቸው።

የመጀመሪያው በተለምዶ «አይ ቢ» የሚባለው የኢንተርናሽናል ባካሎሬት ነው። ድርጅቱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1968 ጄኔቫ ውስጥ ነው። የመጨረሻው የሁለት ዓመት ፕሮግራም ዲፕሎማ ይባላል። ተማሪው ስድስት ትምህርቶችን ይወስዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱን በከፍተኛ፣ ሦስቱን በመደበኛ ደረጃ ያጠናል። እያንዳንዱ ትምህርት ከ7 ይታረማል። በዚያ ላይ እስከ 4,000 ቃላት የሚደርስ የጥናት ጽሑፍና የእውቀት ንድፈ ሐሳብ የሚባል ኮርስ አለ፤ ሁለቱ ተደምረው እስከ 3 ነጥብ ያስገኛሉ። ጠቅላላው ከ45 ሲሆን ዲፕሎማውን ለማግኘት ቢያንስ 24 ያስፈልጋል። ብዙ ማንበብና ብዙ መጻፍ የሚጠይቅ መንገድ ስለሆነ፣ ጽሑፍ ለሚወድ ልጅ ይመቻል፤ የሂሳብ ጥያቄ ብቻ እየፈታ መዋል ለሚሻ ልጅ ግን ይከብዳል።

ሁለተኛው የካምብሪጅ ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የሚሰጠውን አይጂሲኤስኢ ተማሪዎች በ14 እና በ16 ዓመት መካከል ያጠኑታል። ከዚያ በኋላ የሁለት ዓመት ኤ ሌቭል አለ። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ የሚያልፈው ጥያቄ አለ፦ ትምህርት ቤቱ ኤ ሌቭል ድረስ ያስተምራል ወይስ አይጂሲኤስኢ ላይ ያበቃል? እዚያው የሚያበቃ ከሆነ ልጅዎ በ16 ዓመቱ ሌላ ትምህርት ቤት ፍለጋ ይወጣል።

ሦስተኛው የፈረንሳይ ባካሎሬያ ነው። ለዚህ ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ሊሴ ገብረ ማርያም ነው። ከባንኮቹ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ ቸርችል ጎዳና ላይ ይገኛል፤ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1947 ሲሆን የሚያስተዳድረው የፈረንሳዩ ሚስዮን ላይክ ነው። ስሙንም ያገኘው ጣልያንን ሲዋጉ ከወደቁት ከደጃዝማች ገብረ ማርያም ነው። የፈረንሳይ ሥርዓት ከሌሎቹ የሚለየው በመግቢያ ዕድሜ ነው። ማተርኔል የሚባለው መዋዕለ ሕፃናት በ3 ዓመት ይጀምራል፤ ቤቱ ፈረንሳይኛ የማይሰማ ልጅ በዚያ ዕድሜ ቢገባ ቋንቋውን ከጨዋታ ጋር ይለምደዋል፤ ዘግይቶ የመጣ ግን ቋንቋውንና ትምህርቱን በአንድ ጊዜ መሸከም ይኖርበታል። ይህን መንገድ ካሰቡ «ትንሽ ይደግ» ብለው አይጠብቁ።

አራተኛው የአገሪቱ ሥርዓተ ትምህርት ሆኖ በእንግሊዝኛ የተጠናከረው ነው። ልጁ ስምንተኛ ክፍል ላይ ሚኒስትሪ ይወስዳል፤ 12ኛ ክፍል ላይ ደግሞ አገር አቀፉን ፈተና ይፈተናል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት ዙር፣ ማለትም በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጊዜ፣ ከ896,520 ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። ያ ቁጥር ብዙ ወላጆችን አስደንግጦ ወደ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት በር አምጥቷቸዋል። መደንገጥ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ሌላውም ወገን መታየት አለበት። ዕድሜውን በሙሉ በውጭ ሥርዓት የተማረ ልጅ ድንገት የቤተሰቡ አቅም ተዳክሞ 11ኛ ክፍል ላይ ወደ አገር ውስጡ ቢመለስ፣ ያልተማረውን ትምህርት ይፈተናል።

አሁን እራስዎን ይጠይቁ፤ ከባለቤትዎ ጋርም ቁጭ ብለው ይነጋገሩ። ልጅዎ የት አገር ዩኒቨርሲቲ እንዲገባ ነው የምታስቡት? መልሱ «ውጭ አገር» ከሆነ፣ የዩኒቨርሲቲውን ወጪ ማን ይከፍላል? መልሱ «እዚሁ» ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱ የሚያስፈትነው የውጭ ፈተና በኢትዮጵያ እንዴት ባለ አቻ ግምት እንደሚያዝ፣ ስንት ትምህርት በምን ውጤት እንደሚፈለግ፣ ግምቱን ከሚሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በአካል ሄደው ይጠይቁ። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ በቃል የምትነግርዎ አይበቃም። እኔ በበኩሌ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ክፍያ የሚሸፍንበት ግልጽ መንገድ ለሌለው ቤተሰብ፣ ውድ ከሆነ የውጭ ሥርዓት ይልቅ አገር አቀፉን ፈተና በሚገባ የሚያዘጋጅ ጠንካራ የግል ትምህርት ቤት ይሻላል እላለሁ።

ሁለተኛ፦ ስሙን ማን እንደሰጠው ያጣሩ

«ኢንተርናሽናል» የሚለውን ቃል ማንም በቀለም ሊጽፈው ይችላል። ፈቃድና እውቅና ግን ሰጪ አላቸው፤ ሰጪውም ይጠየቃል።

አይ ቢ እናስተምራለን ካሉዎት የድርጅቱን ድረ ገጽ ይክፈቱና የትምህርት ቤቱን ስም ይፈልጉ። ከስሙ ጎን የትኛው ፕሮግራም እንደተፈቀደለት ተጽፏል። ለትንንሾቹ የሚሰጠው፣ ለመካከለኞቹ የሚሰጠውና ዲፕሎማው እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚፈቀዱ ናቸው፤ አንዱን ያገኘ ሁሉንም አገኘ ማለት አይደለም። «ዕጩ ትምህርት ቤት» የሚለውን ቃል በተለይ ልብ ይበሉ። ዕጩ ማለት አመልክቶ እየተዘጋጀ ያለ ማለት ነው፤ ገና አልተፈቀደለትም፤ ላይፈቀድለትም ይችላል። እኔን «ሂደት ላይ ነን» ያለኝ ትምህርት ቤት ዕጩ እንኳ እንዳልነበረ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ካምብሪጅም በተመሳሳይ መንገድ ይጣራል። የካምብሪጅ መጽሐፍ ገዝቶ ማስተማርና የተመዘገበ የካምብሪጅ ትምህርት ቤት መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የማዕከል ቁጥራቸውን ይጠይቁ፤ ያለፈው ዓመት ተማሪዎች የት ተቀምጠው እንደተፈተኑ፣ ስንቶቹ በየትኛው ትምህርት ምን ውጤት እንዳመጡ ይጠይቁ። የሚኮራበት ውጤት ያለው ትምህርት ቤት ይህን ለማሳየት አያመነታም። የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ የፈረንሳይ ትምህርት ሚኒስቴር እውቅና የሚሰጠው በክፍል ደረጃ ነውና እስከ የትኛው ክፍል እንደሆነ ያረጋግጡ።

አንዳንዶች ከፈተናው ሌላ የተቋም እውቅና ምልክት በደብዳቤያቸው ላይ ያትማሉ። የዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤትና የአሜሪካኖቹ ሚድል ስቴትስ በዚህ የሚታወቁ ናቸው። «አባል» እና «እውቅና ያለው» አንድ አለመሆናቸውን ይወቁ፤ አባልነት በክፍያ ሊገኝ ይችላል፣ እውቅና ግን በግምገማ ነው የሚገኘው።

ከውጭው በፊት ግን የአገር ውስጡ ፈቃድ ይቀድማል። በአዲስ አበባ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የከተማው ትምህርትና ሥልጠና ጥራት ቁጥጥር ባለሥልጣን ነው። ፈቃዱ ለየትኞቹ ክፍሎችና ለየትኛው ቅርንጫፍ እንደሆነ ያንብቡ። አንድ ስም ያለው ትምህርት ቤት አራት ቅርንጫፍ ከፍቶ፣ ፈቃዱ ለሁለቱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፦ ዶላሩን በብር፣ ዓመቱን በ14 ያባዙ

ይህ ክፍል ይረዝማል፤ ብዙ ልጅ መሃል መንገድ ላይ ከትምህርት ቤት የሚወጣው በውጤቱ ደካማነት ሳይሆን በክፍያ ነውና።

መጀመሪያ ክፍያው በምን ገንዘብ እንደሆነ ይጠይቁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለምሳሌ ያህል፣ በዓመት 3,000 ዶላር የሚከፍል ወላጅ በ57 ብር ሲሰላ 171,000 ብር ያወጣ ነበር፤ ዶላሩ 130 ብር ሲገባ ያው 3,000 ዶላር 390,000 ብር ይሆናል። ትምህርት ቤቱ አንድ ሳንቲም አልጨመረም፤ የወላጁ ደመወዝ ግን በብር ነው። ስለዚህ ክፍያው በዶላር ተተምኖ በብር የሚከፈል ከሆነ፣ በየትኛው ቀንና በየትኛው ባንክ ተመን እንደሚሰላ በውሉ ላይ ተጽፎ ይዩ።

ቀጥሎ የወርሃዊውን ወይም የተርሙን ክፍያ ብቻ ሰምተው አይውጡ። የማመልከቻ ክፍያ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። የመመዝገቢያ ክፍያ አለ፤ አንዳንዱ በየዓመቱ ይጠይቃል። ለሕንፃ ማስፋፊያ ተብሎ አንድ ጊዜ የሚከፈል ጠቀም ያለ ገንዘብ የሚጠይቁም አሉ። ሰርቪስ፣ ምሳ፣ ዩኒፎርም፣ መጽሐፍ፣ ታብሌት ወይም ላፕቶፕ፣ የመዋኛ ትምህርት፣ የጉዞ ወጪ ይከተላሉ። ትልቁና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ በመጨረሻዎቹ ክፍሎች የሚመጣው የፈተና ክፍያ ነው። የካምብሪጅም የአይ ቢም ፈተና በየትምህርቱ በውጭ ምንዛሪ ይከፈላል፤ በትምህርት ክፍያው ውስጥ ይካተት አይካተት ዛሬውኑ ይጠይቁ።

ከዚያ ወረቀትና እርሳስ ያውጡ። ልጅዎ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል 14 ዓመት ገደማ ይማራል። ክፍያው በየዓመቱ 10 በመቶ ቢጨምር ከሰባት ዓመት ጥቂት አለፍ ሲል እጥፍ ይሆናል፤ በ14ኛው ዓመት ደግሞ ሦስት ተኩል እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ባለፉት ሦስት ዓመታት ምን ያህል እንደጨመሩ ከነባር ወላጆች ይስሙና ስሌቱን በእርሱ ይሥሩ። ሁለት ልጆች ካሉ በሁለት ያባዙ። ውጤቱ ከገቢዎ ጋር የማይሄድ ከሆነ፣ ተስፋ ሳይሆን ቁጥሩን ይመኑ።

ስለ ባሕር ማዶ ዘመድም ልናገር። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለች እህት «የልጁን ትምህርት እኔ እከፍላለሁ» ስትል ከልቧ ነው። ነገር ግን የእሷም ልጅ ይወለዳል፣ ሥራዋም ሊቋረጥ ይችላል፤ ከዓመታት በኋላ «አልቻልኩም» ለማለት ማፈሯ አይቀርም። እርዳታዋ እንዳይቋረጥ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ እስከ ስንት ዓመት፣ በዓመት ስንት፣ ከተቋረጠስ ምን እንደሚደረግ። ይህ ንግግር ዝምድና አያበላሽም፤ የሚያበላሸው ሳይነጋገሩ ቀርቶ ልጅ ከክፍል ሲመለስ ነው።

መሥሪያ ቤትዎ ለልጆች ትምህርት የሚደጉመው ነገር ካለ ወይም ትምህርት ቤቱ ለወንድምና እህት ቅናሽ፣ ለጎበዝ ተማሪ ነጻ የትምህርት ዕድል ካለው ይጠይቁ። መጠየቅ አያሳፍርም።

አራተኛ፦ በሥራ ቀን፣ በመውጫ ሰዓት ይሂዱ

ትምህርት ቤቶች ለእንግዳ የሚከፈቱበት ቀን አላቸው። በዚያ ቀን ግድግዳው ታጥቧል፣ መምህራኑ ተዘጋጅተዋል። ይሂዱ፤ ነገር ግን በሌላ ቀን ደግሞ ማንም ሳያውቅዎት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ዳር ይቁሙ። ልጆቹ ሲወጡ ማን ይረከባቸዋል? ሰርቪሶቹ የት ይቆማሉ? ጥበቃው የልጁን ስም ያውቃል ወይስ እጁን የሳበውን ሁሉ ያሳልፋል? ደንበኛና ሠራተኛ በሚበዛበት በባንክ ሰፈር ይህ ከምንም በላይ ነው።

በንግድ ማዕከል ያለ ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ግቢ ሳይሆን ሕንፃ ነው። ሕንፃ መሆኑ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ኒው ዮርክ ውስጥ በዎል ስትሪት አጠገብ፣ 41 ብሮድ ስትሪት ላይ ድሮ ባንክ በነበረ ሕንፃ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተ፣ ዛሬ ሌማን ማንሃታን የሚባል ትምህርት ቤት አለ። አይ ቢ ዲፕሎማ ያስተምራል፤ ጂምናዚየሙና የመዋኛ ገንዳውም ሕንፃ ውስጥ ነው። ጉዳዩ ቦታው ጠባብ ወይም ሰፊ መሆኑ ሳይሆን፣ ለልጅ ተብሎ ታስቦበታል ወይ የሚለው ነው።

ስለዚህ ደረጃውን እራስዎ ይውጡት። የስድስት ዓመት ልጅ በቀን ስንቴ ይወጣዋል ይወርደዋል? ሁለተኛ የአደጋ ጊዜ መውጫ አለ? በሩ በቁልፍ ተዘግቷል ወይስ ሲገፉት ይከፈታል? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ከየትኛው ክፍል መስኮት ሥር ነው የሚጮኸው? ሽንት ቤት ይግቡ፤ ውኃ አለ? በረንዳና ጣሪያ ላይ የሚጫወቱ ከሆነ አጥሩ ከልጁ ራስ ይበልጣል? መጫወቻ ቦታ ፈጽሞ ከሌለ ልጆቹ የሚሮጡት የትና በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነ መርሐ ግብሩን ያሳዩዎት። «ስፖርት አለን» የሚለው መልስ አይበቃም።

መንገዱንም ይለኩ። ከልደታ በተግባረ ዕድ፣ በሜክሲኮና በለገሃር አድርጎ እስከ ስታዲየም ያለው የቀላል ባቡር መስመር ሁለቱ የባቡር አቅጣጫዎች የሚጋሩት ነው፤ ቤትዎ ከሁለቱ መስመሮች በአንዱ ዳር ከሆነ ከሰርቪስ የተሻለ አማራጭ ሊሆንዎት ይችላል። በጠዋቱ ግፊያ ግን ትንሽ ልጅ ብቻውን የሚወጣበት አይደለም። እርስዎ ቢሮዎን ቢቀይሩስ? ትምህርት ቤቱ የተመረጠው ለሥራ ቦታዎ ስለሚቀርብ ብቻ ከሆነ፣ ሥራ በለወጡ ቀን ምክንያቱ ይጠፋል፤ የልጁ ረጅም መንገድ ግን ይቀራል።

አምስተኛ፦ መምህራኑን ይወቁ

የውጭ ዜጋ መምህር መኖሩ ለብዙ ወላጅ የጥራት ምልክት ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ካለፈው ዓመት መምህራን ስንቶቹ ዘንድሮም አሉ? በየዓመቱ መምህር የሚቀያየርበት ክፍል፣ መምህሩ ከየትም ይምጣ፣ ልጁን የሚያውቀው ሰው የለውም። የኢትዮጵያውያኑና የውጭዎቹ መምህራን ግንኙነት ምን ይመስላል? አገሬው ሁሉ ረዳት፣ የውጭው ሁሉ ዋና መምህር ከሆነ ልጅዎ ያን በየቀኑ እያየ ያድጋል፤ የሚማረውም ነገር በመጽሐፍ ያልተጻፈ ነው።

ስድስተኛ፦ አማርኛውን አስቀድመው ያስከብሩ

አንዲት ወዳጄ ወንድ ልጅ አላት፤ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እንግሊዝኛው ያማረ። አያቱ ከደሴ ደብዳቤ ጻፉለት። ልጁ ፊደሉን ቆጥሮ ቆጥሮ ሁለት መስመር አነበበና ለእናቱ ሰጣት። እናትየው ያን ቀን እያለቀሰች ነው የደወለችልኝ። ትምህርት ቤቱ አማርኛን በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ይሰጥ ነበር፤ ፈተና ሲደርስ ደግሞ ክፍለ ጊዜው ለሌላ ትምህርት ይወሰድ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄዎን በዝርዝር ያቅርቡ። አማርኛ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ ነው? እስከ ስንተኛ ክፍል? መጽሐፉ የትኛው ነው? ውጤቱ ካርዱ ላይ ከሌሎቹ ጋር ይደመራል ወይስ ለብቻው ተቀምጧል? የማይደመር ትምህርት ልጆች ዘንድ ክብር የለውም። ልጅዎ በሌላ የአገራችን ቋንቋ አፉን የፈታ ከሆነም ጥያቄው ያው ነው።

አይ ቢ ዲፕሎማ ላይ ጥቂት ወላጅ የሚያውቀው ዕድል አለ። ትምህርት ቤቱ መምህር ባይኖረውም፣ ተማሪው የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ሥነ ጽሑፍ በትምህርት ቤቱ ድጋፍ ራሱ እያጠና በመደበኛ ደረጃ የሚወስድበት መንገድ አለ። በሁለት ቋንቋዎች ሥነ ጽሑፍ ወስዶ በሁለቱም 3 ወይም ከዚያ በላይ ያገኘ፣ ሌላውንም መስፈርት ያሟላ ተማሪ የሁለት ቋንቋ ዲፕሎማ ይሰጠዋል። አማርኛን በዚህ መንገድ ያስፈተናችሁት ተማሪ አለ ወይ ብለው ይጠይቁ። «አስበንበት አናውቅም» ካሉ፣ ሌሎች ወላጆችን ይዘው ያስቡበት ዘንድ ይጠይቁ። ለዚህ የሚበቃ ልጅ ግን አሥረኛ ክፍል ላይ አይፈጠርም፤ ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ እያነበበ ያደገ መሆን አለበት።

ቤት ውስጥስ? ትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛውን ይሰጠዋል፤ እርስዎ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ማታ ማታ መድገም የለብዎትም። በሚገባ በሚችሉት ቋንቋ ያናግሩት፣ ተረት ይንገሩት፣ ያከራክሩት። በአንድ ቋንቋ አጥርቶ ማሰብ የቻለ ልጅ ያን ችሎታ ወደ ሌላው ይወስደዋል። ሞግዚቷንም «በእንግሊዝኛ አናግሪው» ብለው አያስጨንቋት።

ሰባተኛ፦ ወረቀቱን ያዘጋጁ፣ ቀኑን ያስሉ

ብዙዎቹ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ትምህርት የሚጀምሩት ነሐሴ ውስጥ ነው፤ መስከረምን አይጠብቁም። ማመልከቻ የሚቀበሉትም ወራት ቀደም ብለው ስለሆነ፣ ከገና በኋላ መጠየቅ መጀመር ይገባል። ሐምሌ ላይ የሄደ ወላጅ የሚያገኘው የተጠባባቂ ዝርዝር ነው።

የሚያስፈልገው ሰነድ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ቢለያይም፣ ከወረዳ የተሰጠ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ ፎቶግራፍ፣ የወላጅ መታወቂያ፣ ለተዛዋሪ ደግሞ ያለፉት ሁለት ዓመታት ውጤትና ከቀድሞው ትምህርት ቤት መልቀቂያ የተለመዱ ናቸው። የልደት የምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው ስም፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለውና የውጤት ካርዱ ላይ ያለው ስም በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት ተጽፎ እንደሆነ ዛሬውኑ ያስተያዩ። በአንዱ ላይ አንድ ፊደል ቢለይ፣ 12ኛ ክፍል ላይ የፈተና ምዝገባና የቪዛ ማመልከቻ ሲመጣ ብዙ ያንከራትታል።

ለመግቢያ ፈተናው ትንሽ ልጅን አያስጠኑት። የአራት ዓመት ልጅን የሚያዩት ከእናቱ ሲለይ እንዴት እንደሚሆን፣ መቀስ እንዴት እንደሚይዝ፣ ሲጠሩት ይሰማ እንደሆነ ነው። በሚገባ ይተኛ፣ ቁርሱን ይብላ። ልጅዎ የተለየ ድጋፍ የሚያስፈልገው ከሆነ አይደብቁ፤ ደብቀው ቢያስገቡት ድጋፉን የሚያጣው እሱ ነው። ግልጽ ተናግረው «አንቀበልም» ካሉም፣ ልጅዎን ማስተማር የማይችል ቤት መሆኑን ገና ከበሩ አወቁ ማለት ነው።

ስምንተኛ፦ ሳይፈርሙ ውሉን ወደ ቤት ይውሰዱ

ውሉ በእንግሊዝኛ ከሆነና አንዱ አንቀጽ ካልገባዎት፣ የሚገባው ሰው ያስነብቡት። በተለይ አራት ነገር ይፈልጉ፦ ልጁ በተርም መሃል ቢወጣ የሚመለስ ገንዘብ፣ ክፍያ ቢዘገይ የሚከተለው ቅጣት፣ የክፍያ ጭማሪ በምን ያህል ጊዜ ማስታወቂያ እንደሚደረግ፣ መልቀቂያና ውጤት ለመስጠት የሚያስቀምጡት ቅድመ ሁኔታ። የወላጆችና የመምህራን ኅብረት ካለ የኅብረቱን ተመራጭ አግኝተው ግማሽ ሰዓት ያውሩ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ከማስታወቂያው ወረቀት ሁሉ የበለጠ ይማራሉ።

እነዚህን ጥያቄዎች በደብተር ጽፈው ይሂዱ። የሚመልሱልዎትን እዚያው ፊታቸው ይጻፉ፤ ስለ ፈተናው፣ ስለ እውቅናውና ስለ ክፍያው የሚሰጡዎትን መልስ ደግሞ በማኅተም በወጣ ደብዳቤ ይቀበሉ። ደብዳቤውን ሊሰጥዎ ለማይፈልግ ትምህርት ቤት ልጅዎን አይስጡ።